የሰሌዳ ቁጥር 40-280-33

እሁድ፣ ኖቬምበር 2

ዛሬ ጠዋት ኢንባርን አልፌያት ሄድኩ።

አቲቆት ሰፈር ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው የቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ አላየኋትም። ገበያነሽ ከኋላ ሆና «ጋሼ ይግዛው፣ ኢንባርስ?» ባትለኝ ኖሮ ሰፈሩን ለቅቄ ወጥቼ ነበር። ዞሬ ተመለስኩ። «መንገድ ሥራ ያለ መስሎኝ ነው» አልኳት። መንገድ ሥራ የለም። ገበያነሽ የመኪናው ሜላቫ ናት፤ ተሳፋሪዎቹን የምታስገባ፣ ቀበቶ የምታስር፣ የምታወርድ።

እኔ በዚህ መሥመር አሥራ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። ስምንት ተሳፋሪ፣ ሁሉም አዋቂዎች፣ ሁሉም ብቻቸውን መንገድ መውጣት የማይችሉ። ጠዋት ወደሚውሉበት የእጅ ሥራ ማዕከል አደርሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው እመልሳቸዋለሁ። ኢንባር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከመግባቷ በፊት የሰሌዳውን ቁጥር አንድ በአንድ ታነባለች፤ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት። ትክክል መሆኑን ሳታረጋግጥ አትሳፈርም።

ታላቅ ወንድሜ አስፋው ሲጀምረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ቤቱን አለፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ እኔን «ጌታው፣ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። እንደዚያ ሆኖ ሞተ።

እኔ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ደክሞኝ ይሆናል።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

መላ አገኘሁ።

ጠዋት ሰዎቹን አድርሼ እስክመልሳቸው አምስት ሰዓት ያህል የጀልባ ወደቡ፣ ማሪናው አጠገብ መኪናው ውስጥ ቁጭ እላለሁ። በዚያ ጊዜ የራሴን ጭንቅላት እፈትናለሁ። ወደዚህ አገር ሳልመጣ፣ ጎንደር አካባቢ፣ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። እዚህ ግን ዕብራይስጡ ሳይገባኝ የፋብሪካ ሥራ ቀደመኝ። ሒሳቡ ግን የትም አልሄደም።

ጥያቄው ይኸው፦ 4,028,033 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አለ ወይ? ካልኩሌተር አልነካም። ስልክ አልነካም። በወረቀት ብቻ።

እስከ አራት ሚሊዮን መሄድ አያስፈልግም። 2007 በ2007 ሲባዛ ከቁጥሩ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ አንደኛው የግድ ከ2007 ያንሳል። ከዚያ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መሞከር ይበቃል። ዝርዝራቸውን ዛሬ አወጣሁ፤ ተማሪዎቼን እንዳስተማርኳቸው፣ ብዜቶቹን እየሰረዝኩ። 304 ሆኑ። በቀን አሥር። አንድ ወር ነው።

ይህን የሚሠራ ሰው ጭንቅላቱ ደህና ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

2፣ 3፣ 5 በዓይን ይታያሉ፤ አያካፍሉትም። 7 ቀሪ 2። 11 ቀሪ 9። 13 ቀሪ 9። 17 ቀሪ 2። 19 ቀሪ 14። 23 ቀሪ 20። 29ንም ጨረስኩ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። አንድ ስህተት የለም።

አንድም!


እሁድ፣ ኖቬምበር 9

ባለቤቴ ትዋበች በስልክ ከኖያ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ኖያ ልጃችን ቤር ሼቫ ኢንጂነሪንግ ትማራለች፤ አርብ አርብ ትመጣለች። ትዋበች ወጥ ቤት ሆና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትናንትም ያንኑ ጠየቀኝ፣ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ» ትላለች። ስገባ ስልኩን ዘጋች።

የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሚረሱ ሰዎችን ስታጥብና ስታበላ ትውላለች። ከመካከላቸው ስለ አንዱ እያወራች ይሆናል። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ምን ያስወራታል?

አሥሩን ጨርሻለሁ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ቸኩያለሁ። ቁልፉ ጠፍቶኝ ዘገየሁ። ኪሴ ውስጥ ነበር። ጊላድ ከቢሮው፣ ከሚሽራድ ደወለ፤ «ይግዛው፣ ሰዓቱ!» መኪና የሚያሰማራው እሱ ነው። በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ አልኩት።

ቁጥሮቹን ከሰዓት በኋላ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ዛሬ 613 ላይ ደረስኩ። ደስ አለኝ። ኦሪት ውስጥ ያሉት ትእዛዛት ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው ይላሉ ራቢዎቹ። እንደዚህ ያለ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ያስገርማል። ቢያካፍለው ደስ ባለኝ ነበር፤ ቀሪ 10።

ገበያነሽ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብላ «አሁን ኢንባር ጋ ነን፣ ቀጥሎ ሮኢ ጋ» ትላለች። ለተሳፋሪዎቹ ነው። የት እንደደረሱ ሲያውቁ አይረበሹም። መልካም ሴት ናት።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ሲግድ፣ በዓላችን ነው። ኢየሩሳሌም አልወጣሁም። ትዋበች ከጎረቤቶች ጋር ሄደች፤ እኔ ደከመኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡ መሐል እንዳልጠፋ ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጬ ምንም አላካፈልኩም። የሚያወራ ሰው የሌለበት ቤት ያስፈራል።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ዛሬ ጥሩ ቀን ነው። 613 ላይ ደረስኩ! የኦሪት ትእዛዛት ቁጥር ነው፤ ራቢዎቹ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው ይላሉ። ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ይገርማል። ያካፍለዋል ብዬ ጓጉቼ ነበር። አላካፈለውም፤ ቀሪ 10።

ሒሳቡ ከእጄ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። አስፋው በዚህ ጊዜ የራሱን ዕድሜ መቁጠር አይችልም ነበር።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ወደኋላ ገልጬ አነበብኩ።

ባላነበብኩ ይሻል ነበር።

ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ አምስት ቀን የሠራሁትን ቀድሞ ሠርቼዋለሁ። ሃምሳ ቁጥር። ቀሪዎቹ በሁለቱም ጊዜ ያው ናቸው፣ አንዱም አልተሳሳተም። ግን እንደ አዲስ ነው የሠራሁት። የጻፍኩት ቃል እንኳ ያው ነው።

ማረጋገጥ ክፉ አይደለም። መምህር ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል። ምልክት ስላላደረግኩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ።

ትዋበች ኩፓት ኾሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ቶር፣ ማለት ቀጠሮ፣ አስይዛልኛለች፤ ረቡዕ ከሥራ በፊት። «ለደም ግፊትህ ነው» አለችኝ። እሺ አልኩ።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ለደም ግፊት አልነበረም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሦስት ቃል ነገረችኝና ያዛቸው አለች። ከዚያ ከመቶ ላይ ሰባት እየቀነስክ ሂድ አለች። ሣቄ መጣ። 93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65፤ «ይበቃል» አለች፤ እኔ ግን እስከ 2 ወረድኩ፤ መቶን ለሰባት ስናካፍል ቀሪው 2 መሆኑንም አስረዳኋት። «በጣም ጥሩ» አለችና ጻፈች። ሰዓት ሳል አለች፤ ሳልኩ። ስመለከተው አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ወገን ተጠጋግተዋል።

«ሦስቱ ቃላትስ?» አለችኝ።

«ሎሚ።»

ጠበቀችኝ። መስኮቱን አየሁ። «መስኮት» አልኩ። ስላየሁት ነው እንጂ ስላስታወስኩት አይደለም፤ ግን ልክ ሆነ። ሦስተኛውን አላመጣሁትም። ኋላ ነገረችኝ። አሁንም ልጽፈው አልቻልኩም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የነርቭ ሐኪም እስኪያይህ ድረስ መንዳት የለብህም፣ ብቻህንም ሆነ ሰው አሳፍረህ፣ አለችና ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ቶሩ ዲሴምበር 28 ነው።

ወረቀቱን አጥፌ እዚህ ደብተር ውስጥ አስገባሁት። ለትዋበች «ሁሉ ደህና ነው፣ ሌላ ምርመራም አለ» አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ሰዎቹን ጫንኩ።

ሐኪሟ ያየችኝ ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ ከዚህ ቁጥር ጋር አንድ ወር ተቀምጫለሁ።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ነዳሁ። ምንም አልሆነም።


እሁድ፣ ዲሴምበር 7

ነዳሁ። ምንም አልሆነም። 1300ዎቹን እየጨረስኩ ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፤ ይሰማኛል።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ኃይለኛ ዝናብ። ገበያነሽ ታማ ቀረች። መንገዱ ጎርፍ ስለነበር ኢንባርን ትንሽ ዘግይቼ አደረስኩ። እናቷ አመሰገነችኝ።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

የትናንቱን እንደገና ልጻፈው። በራሴ ደብተር ላይ ከዋሸሁ የት ልናገር ነው?

ሰባቱን አወረድኩ። ኢንባር ብቻ ቀረች። ዝናቡ መስታወቱን አልብሶታል። ከአደባባዩ ወጣሁ፤ ከዚያ ሁሉም መንገድ አንድ ሆነብኝ። ሕንጻዎቹን አውቃቸዋለሁ። አልጠፉብኝም። ግን የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ አላውቅም። ነዳሁ። መንገዱ አለቀ፤ የብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ ቆሜያለሁ። ተዘግቷል። ከበስተጀርባው ባሕሩ ይጮሃል።

ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። የኢንባር ቤት የት ነው? አሥራ ስምንት ዓመት! ለጊላድ ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ብደውል ያበቃል። እሷን ከኋላዬ አስቀምጬ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

«ይግዛው» አለች፤ «እማዬ ትጠብቃለች።»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ቤት የለም።»

«አውቃለሁ፣ ኢንባር። መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች። የቀኝ እጇን እያነሳች «በዚህ»፣ የግራ እጇን እያነሳች «በዚህ» እያለች መራችኝ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። እንደደረስን እናቷ መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ረጥባ ቆማለች። ሃምሳ ደቂቃ ጠብቃለች። «ጎርፍ ነው» አልኳት። እጄን ያዘችና «በዚህ ዝናብ ልጄን በደህና አደረስክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ» አለች። ቤት ሮጣ ገብታ አንድ ከረጢት ክሌመንቲና መንደሪን አምጥታ ሰጠችኝ።

ተቀበልኩ። ትዋበች ጥሩ ናቸው አለች። እኔ አልበላሁም።


እሁድ፣ ዲሴምበር 14

ገበያነሽ ተሽሏት መጣች። ተሳፋሪዎቹን ካወረድን በኋላ አልሄደችም። የፊት ወንበር ላይ፣ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«ኢንባር ነገረችኝ» አለች። «ይግዛው ቤቱን ረሳው አለችኝ።»

«ዝናብ ነበር።»

«ጋሼ ይግዛው፣ እኔን አይዋሹኝ። ካለፈው በጋ ጀምሮ መንገዱን በድምፅ የምጠራልዎ ለማን መሰለዎት? ለሮኢ? ሮኢ መንገዱን ከኔ በላይ ያውቃል።»

መሪውን ያዝኩ፤ ቆመናል፣ ሞተሩም ጠፍቷል።

«እርስዎን ከሥራ ማስወጣት ከብዶኝ ነው» አለች። «ታምሜ ቤት ተኝቼ ዝናቡን ስሰማ አላስቻለኝም። ሰዎቹ አንድ ነገር ቢሆኑ ጥፋቱ የኔም ነው። ይህ ሳምንት ከማለቁ በፊት ለጊላድ ይንገሩት። ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።»

«ሐኪም አይቶኛል፤ ደህና ነህ ብሎኛል» አልኳት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አርባ ቁጥር ይቀረኛል። ልጨርሰውና እናገራለሁ። ከጨረስኩት ግን ምን የሚነገር ነገር አለ?


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ገበያነሽ አታናግረኝም። መንገዱን ግን ትጠራለች። አሁን ለማን እንደሆነ ስለማውቅ እያንዳንዱ ቃል ፊቴን ያቃጥለዋል።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

1993 ቀሪ 180።
1997 ቀሪ 84።
1999 ቀሪ 48።

አበቃ። አንድም አላካፈለውም። 4,028,033 ብቸኛ ቁጥር ነው።

ከመኪናው ወርጄ ማሪናው ዳር ተራመድኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ «ምን ሆንክ፣ ደስ ብሎሃል» አለኝ። አዎ አልኩት። ይህን ያህል ክፍፍል፣ በእጅ፣ ያለ ስህተት! ነገ ለኖያ አሳያታለሁ። እናቷም ትስማ።


አርብ፣ ዲሴምበር 19

ሰንበት ሳይገባ እጽፋለሁ። ኖያ ሻወር ውስጥ ናት፤ ውኃው ይሰማኛል። ከዚያ ውስጥ ሆና እያለቀሰች ይመስለኛል።

ደብተሩን ሳሳያት መጀመሪያ ደስ አላት። «አባ፣ ይህን ሁሉ በእጅህ? ለምን?» አለችኝ። ጭንቅላቴን ላፍታታ ብዬ ነው አልኳት። ገጾቹን እየገለጠች ቀይ ምልክቶቹን አየች። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ተመለሰች። ጥያቄዋን እንዳለ ልጻፈው፤ ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

«አባ፣ 2007 በ2007 ስንት ነው?»

«4,028,049።»

«ካንተ ቁጥር በስንት ይበልጣል?»

«በአሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት ደግሞ…»

መጨረስ አላስፈለጋትም። የ4 ካሬ ነው። ከአንድ ካሬ ላይ ሌላ ካሬ ሲቀነስ ምን እንደሚሆን በእኔ እጅ ስንት ልጅ ተምሯል! 2007 ሲቀነስ 4፣ 2007 ሲደመር 4። 2003 ሲባዛ በ2011። ወረቀት አነሳሁና አባዛሁት። 4,028,033።

ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። ከታች ጀምሬ አንድ ወር ተኩል ወጣሁ፤ ከላይ ብጀምር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«እሺ፣ ግን ክፍፍልህ ልክ ነው» አለች ኖያ። «ሁሉም ልክ ነው። 2003ን ነው የዘለልከው። ዝርዝርህ ላይ አለ?»

አለ። በራሴ እጅ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ፣ ብቻውን ተጽፏል። የመጨረሻው። ቀይ ምልክት የለውም። 304 ብዬ ጽፌ 303 ላይ አበቃሁ፤ ወረቀቱን መገልበጥ ረሳሁ።

«ሎ ኖራ፣ ምንም አይደለም አባ፣ ማንም ይሳሳታል» አለች። ያኔ 613ን ሁለት ቦታ አየችው። ሁለቱንም አነበበች። ልጄ አማርኛ ስታነብ ጣቷን እያስኬደች ነው፤ ጣቷ ቆመ።

ያኔ የሐኪሟን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። ዕብራይስጥ ስለሆነ ቶሎ አነበበችው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

«አባ፣ ከዚህ በኋላ ነድተሃል?»

«ነድቻለሁ።»

«ሰዎቹን ይዘህ?»

«አዎ።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።


እሁድ፣ ዲሴምበር 21

ኖያ መኪናዋን ይዛ ሚሽራድ አደረሰችኝ። የሚኒባሱን ቁልፍ ጊላድ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቱን ደግሞ ከቁልፉ ሥር አስቀመጥኩ። አነበበ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ዲሴምበር 3 ቀን ነው የተጻፈው። ዛሬ ሃያ አንድ ነው።»

«አዎ።»

«ይግዛው፣ ስምንት ሰው ነው የምትጭነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ቀን መንገዱ ጠፍቶብኛል። ኢንባር ከኔ ጋር ነበረች።»

የገበያነሽን ስም አላነሳሁም። እሷ ግን በሩን ከፍታ ገባችና «እኔም አውቅ ነበር» አለች። ተዪ ብዬ ምልክት ሰጠኋት፣ አልተወችም። ካለፈው በጋ ጀምሮ ያለውን በሙሉ ተናገረች። ጊላድ ሁሉንም ጻፈ። ለበላይ ማስታወቅ አለብኝ አለ፤ አስታውቅ አልኩት። ስንወጣ ግን እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን ሸኝቶኝ አያውቅም። ገበያነሽን ምን እንደሚያደርጓት አላውቅም። ይህ ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 22

የኢንባር እናት ጋ በእግሬ ሄድኩ። ኖያ ከኋላዬ እየተከተለች ጥግ ላይ ቆመች። የነገርኳት በሩ ላይ ሆኜ ነው፤ ግቢ አላለችኝም፣ ማለቴ ግባ አላለችኝም።

«ጎርፍ አልነበረም» አልኳት። «ጠፍቶብኝ ነው። ሐኪም አትንዳ ብሎኝ ነበር። መንገዱን ያሳየችኝ ልጅሽ ናት።»

የበሩን እጀታ ያዘች።

«አመሰገንኩህ» አለች። «እጅህን ይዤ አመሰገንኩህ።»

«አዎ።»

«እኔ ስሞት ማን ይይዝልኛል ብዬ በየቀኑ የምጨነቅላትን ልጅ ነው የሰጠሁህ።»

ይቅርታ አልኳት። እንደማይበቃ አውቃለሁ። በሩን ዘጋችው፤ አላጋጨችውም፣ ቀስ ብላ ነው። ከመስኮቱ ኢንባር «ይግዛው፣ ነገ?» አለችኝ። ነገ ሌላ ሹፌር ይመጣል አልኳት። «ቁጥሩስ?» አለች። ቁጥሩ ያው ነው አልኩ። እሺ አለች።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

ትዋበች የፊደል ሰው አይደለችም። ኖያ ከሄደች በኋላ ደብተሩን አየችና «የጻፍከውን አንብብልኝ» አለች። እያለፍኩ ላነብላት አስቤ ነበር፤ ግን ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። ስለ ስልክ ወሬዋ የጻፍኩትን፣ ስለ ሐኪሟ የዋሸኋትን፣ ስለ ፓርኩ በር፣ ሁሉንም። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማችኝ።

«ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ» አለች ስጨርስ። «የኔ ሥራ እኮ ነው። በቀን ሃያ ሰው አያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ አንተን እንዳላይ ነበር የምለምነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተለወጠ፤ እጇን ያዝኩ። ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ስታለቅስ ያየሁበትን ቀን መቁጠር እችላለሁ፤ ዛሬ አልቆጠርኩም።

እሁድ ለነርቭ ሐኪሙ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ክፍሉ ውስጥ አብራኝ ትገባለች።

«የሚጠይቅህን አንተ ነህ የምትመልሰው፤ እኔ ዝም እላለሁ» አለችኝ። «ስትዋሽ ግን እናገራለሁ።»

እሺ አልኳት።